የሰማዩን መስተዋት የመረመሩት ሊቅ፦ ሰር ኤድዋርድ አፕልተን (1892–1965)

በአጭር ሞገድ የሚተላለፍ ራዲዮ ማታ ማታ ያዳመጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ድምፁ ጥርት ብሎ ሲሰማ ይቆይና በድንገት ይደክማል፤ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ድምፅ ይርቃል፤ ጥቂት ቆይቶም ማንም ሳይነካው ተመልሶ ይጎላል። አብዛኞቻችን ይህ ሲሆን ባትሪውን እንወቅሳለን፤ ወይም ራዲዮውን አንሥተን ወደ መስኮት እናስጠጋለን። በዚህ ዕትም ሕይወታቸውን የምናስተዋውቃችሁ ሰው ግን ይህንኑ የድምፅ መድከም እንደ ሳንካ አልቆጠሩትም። ዐይን ከማያየው ከፍታ የመጣ ምስክርነት መሆኑን ተረድተው ዘመናቸውን ሁሉ መረመሩት። የጀመሩትም ሥራ ውሎ አድሮ ከእኛው አገር በላይ ወደተዘረጋው ሰማይ ደርሷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ኤድዋርድ ቪክቶር አፕልተን ሴፕቴምበር 6 ቀን 1892 በሰሜን እንግሊዝ፣ በሱፍ ፋብሪካዎቿ በታወቀችው በብራድፎርድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የመጋዘን ሠራተኛ ነበሩ፤ ቤተሰቡም ከባለጸጎች ወገን አልነበረም። ልጁ ግን በትምህርቱ ብርቱ ስለነበረ በነጻ የትምህርት ዕድል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። በ1911 ደግሞ ወጣቱ አፕልተን እንዲሁ በነጻ የትምህርት ዕድል በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ ገቡ። በዚያም የተፈጥሮ ሳይንስ አጥንተው በፊዚክስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ።

ምርምራቸውን ገና እንደ ጀመሩ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። አፕልተንም ወደ ሠራዊቱ ገብተው በመሐንዲሶች ክፍል የመገናኛ መኮንን ሆኑ። በ1915 ትዳር መሥርተው በኋላ ሁለት ሴቶች ልጆችን አፈሩ። በውትድርናቸው ዘመን ያገኙት አንድ ነገር የሕይወታቸውን አቅጣጫ ለወጠው፤ እርሱም በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረው፣ ደካማን የራዲዮ ምልክት የሚያጎላው የመስታወት ቫልቭ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1920 በካምብሪጅ በታወቀው የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ረዳት መምህር ሆኑ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ታላቁ ራዘርፎርድ ነበሩ፤ የቦታውም ዋና ሥራ የአቶምን ውስጣዊ ጠባይ መመርመር ነበር። አፕልተን ግን ልባቸው ወደ ራዲዮ ሞገድ አዘነበለ።

በዚያን ጊዜ ሳይፈታ የቆየ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ጣሊያናዊው ጉልየልሞ ማርኮኒ በዲሴምበር 1901 ከእንግሊዝ ምዕራባዊ ጠረፍ የተላከ የራዲዮ ምልክት የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻግሮ በኒውፋውንድላንድ መቀበላቸውን አስታውቀው ነበር። ብርሃንም ሆነ የራዲዮ ሞገድ በቀጥታ የሚጓዝ ነው፤ ምድር ደግሞ ክብ ናት። ታዲያ ምልክቱ የምድርን ጉብታ እንዴት አለፈው? በ1902 ኬነሊ በአሜሪካ፣ ሄቪሳይድም በእንግሊዝ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ ከምድር በላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሽፋን መኖር አለበት፤ ሞገዱን እንደ መስተዋት የሚመልሰውም እርሱ ነው የሚል ግምት አቀረቡ። ግምቱ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት አልፎም ይህን መስተዋት በቀጥታ የለካው ሰው አልነበረም።

በ1922 የብሪታንያ የራዲዮ ማሰራጫ ድርጅት፣ ማለትም ቢቢሲ፣ ሥራውን ጀመረ። አፕልተን በካምብሪጅ ሆነው ከለንደን የሚሰራጨውን ሲከታተሉ ድምፁ ቀን የጸና፣ ሌሊት ግን የሚደክምና የሚጎላ መሆኑን አስተዋሉ። ይህን ሲመረምሩ ወደ አንድ ሐሳብ ደረሱ። ሌሊት ወደ መቀበያው የሚደርሰው ሞገድ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ አንዱ መሬት ለመሬት የሚመጣ፣ ሌላው ወደ ላይ ወጥቶ ከሰማዩ ሽፋን ተመልሶ የሚወርድ። ሁለቱ ተስማምተው ሲደርሱ ድምፁ ይጎላል፤ ተፃርረው ሲደርሱ ይደክማል። እንዲህ ከሆነ መድከሙና መጉላቱ ከተቆጠረ የሽፋኑ ከፍታ ሊታወቅ ይችላል ማለት ነው።

ዲሴምበር 11 ቀን 1924 ሌሊት፣ አፕልተንና ከኒውዚላንድ የመጡት ተማሪያቸው ማይልስ ባርኔት ይህንን ፈተኑት። የዕለቱ ሥርጭት ካበቃ በኋላ በቦርንመዝ የሚገኘው የቢቢሲ ማሰራጫ የሞገዱን ርዝመት ቀስ በቀስ እንዲለውጥ ተደረገ፤ መቀበያው ደግሞ በኦክስፎርድ ነበር። ሞገዱ በተለወጠ ቁጥር ምልክቱ በየተራ ሲጎላና ሲደክም ተመዘገበ። ከቁጥሩም ተነሥተው ሲያሰሉ መስተዋቱ ከምድር በላይ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መገኘቱ ታወቀ። አድማጮች ተኝተው፣ ዘፈኑም ዜናውም ተቋርጦ ሳለ፣ በባዶ ሞገድ የተሠራ ሥራ ነበር። አፕልተን በዚያው ዓመት በ32 ዓመታቸው በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾመው ነበር።

ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ሁለተኛ ግኝት ተከተለ። ሊነጋ ሲል የታችኛው ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል፤ ሞገዱም ሰንጥቆት ያልፋል። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲያ ጠፍቶ አልቀረም፤ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተመልሶ መጣ። ስለዚህ ከመጀመሪያው በላይ ሌላ፣ ይበልጥ ጽኑ የሆነ ሽፋን አለ። አፕልተን የታችኛውን በ«ኢ» ፊደል፣ የላይኛውንም በ«ኤፍ» ፊደል ሰየሙ። ከ«ኤ» ያልጀመሩበት ምክንያት ገና ያልታወቁ ሌሎች ሽፋኖች ከታችም ከላይም ሊገኙ እንደሚችሉ ስላሰቡ ነው። ለሚመጡት ቦታ መተዋቸው ነበር። የላይኛው በስማቸው የአፕልተን ሽፋን ተብሎም ተጠርቷል። መላው አካባቢ ደግሞ አዮኖስፌር የሚለውን ስም አገኘ፤ የፀሐይ ጨረር የአየሩን ቅንጣቶች እየመታ ኤሌክትሮኖችን የሚነጥልበት ከፍታ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሥራው የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን መናገር ይገባል። በ1925 በአሜሪካ ብሬይትና ቱቭ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አጫጭር የራዲዮ ምቶችን ወደ ላይ እየላኩ የሚመለሱበትን ጊዜ በመለካት ወደዚሁ ውጤት ደርሰዋል። ይህ ሁለተኛው ዘዴ ቀላልና ፈጣን ስለነበረ በኋላ በዓለም ሁሉ የተለመደው እርሱ ሆነ፤ አፕልተን ራሳቸውም ተቀብለውት ሠሩበት። በ1932 ወደ ሰሜን ኖርዌይ፣ ወደ ትሮምሰ ከተማ የምርምር ጓድ ይዘው በሄዱ ጊዜ መሣሪያው አንዳንድ ቀን ጨርሶ ዝም ይል ነበር፤ የሚመለስ ምልክት አልነበረም። አፕልተን ግን መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው አልተዉትም። ዝምታው የምድር መግነጢስ በፀሐይ ምክንያት ከሚናወጥበት ቀን ጋር መግጠሙን አስተዋሉ። በድጋሚ፣ ሌላው እንከን የሚለው ነገር ለእርሳቸው ምስክር ሆነ።

ቀጥሎ ያለው የሕይወታቸው ምዕራፍ ከባድ ነው፤ በዝምታ ልናልፈውም አንወድም። በ1939 አፕልተን የብሪታንያ መንግሥት የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር መሥሪያ ቤት ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ሞገድን ልኮ መልሱን የመጠበቁ ጥበብ ቀድሞውኑ ከሰማይ መስተዋት ወደ ጦር አውሮፕላን ዞሮ ነበር፤ ከአፕልተን ጋር በምርምር የሠሩት ዋትሰን ዋት ከ1935 ጀምረው ያቋቋሙት ራዳር በ1940 ከአየር ለሚደበደበው ሕዝብ ጋሻ ሆነ። ነገር ግን ከ1941 ጀምሮ የብሪታንያ ምሥጢራዊ የአቶም ቦምብ ጥናት የተደራጀው በዚሁ አፕልተን በሚመሩት መሥሪያ ቤት ሥር ነበር። ቦምቡን የሠሩት እርሳቸው አይደሉም፤ የአስተዳደሩ ኃላፊነት ግን በጠረጴዛቸው ላይ አልፏል። በኦገስት 1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ የሆነውንም ዓለም ሁሉ ያውቃል። ዕውቀት ከትዕግሥተኛና ከቅን ሰው እጅ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ባለቤቱ ሁልጊዜ ሊወስን እንደማይችል ከዚህ እንማራለን።

ጦርነቱ ሳይታሰብ የተወው አንድ ነገርም ነበር። ሠራዊቶች በአጭር ሞገድ ይገናኙ ስለነበር አዮኖስፌርን የሚለኩ ጣቢያዎች በየአህጉሩ ተቋቁመው ነበር። አፕልተን ከእነዚህ የተሰበሰበውን ቁጥር ሲመለከቱ የሚያስገርም ነገር አገኙ። ሽፋኑን የምትሠራው ፀሐይ ናት፤ ስለዚህ ፀሐይ በአናት ላይ በምትቆምበት አካባቢ የኤሌክትሮኑ ብዛት ከሁሉ ሊበልጥ ይገባ ነበር። ቁጥሩ ግን እንዲህ አይልም። በ1946 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት እንዳስታወቁት፣ ጣቢያዎቹ በጂኦግራፊ ሳይሆን በምድር መግነጢስ መሠረት ሲደረደሩ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የኮምፓስ መርፌ ወደ ታችም ወደ ላይም ሳታዘነብል በምትጋደምበት መስመር፣ ማለትም በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ላይ፣ የኤሌክትሮኑ ብዛት እንደ ሸለቆ ዝቅ ይላል፤ ከመስመሩ በስተሰሜንና በስተደቡብ ግን እንደ ሁለት ኮረብታ ከፍ ይላል። ከመልኩ ውስጥ ምክንያቱን ማግኘት ለሌሎች ቀረ፤ ክስተቱ ግን እስከ ዛሬ በአፕልተን ስም ጭምር ይጠራል።

ይህ መስመር በፔሩ ከጂኦግራፊያዊው የምድር ወገብ በስተደቡብ ሲያልፍ፣ በአፍሪካ ግን ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ በአገራችን በኢትዮጵያ በኩል፣ ከአዲስ አበባ ሳይርቅ ያልፋል። እንግዲህ አፕልተን በእንግሊዝ ሆነው በወረቀት ላይ ያዩት ሸለቆ ከራሳችን በላይ ያለ ሸለቆ ነው።

ይሁን እንጂ አፕልተን ሁሉን አላዩም። ለሸለቆውና ለኮረብቶቹ የተጠቀሙበት ቁጥር የቀትር ቁጥር ነበር፤ በዚህ መስመር ላይ ትልቁ ሁከት የሚነሣው ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በ1938 ቡከርና ዌልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በፔሩ፣ ሁዋንካዮ በሚባለው ጣቢያ፣ ሌሊት የሚመለሰው ምልክት እንደ ቀኑ ጥርት ያለ መስመር ሳይሆን የተበተነ ሆኖ መታየቱን ገልጸው ነበር። ለዚህም ምክንያቱ በሽፋኑ ውስጥ ያለ ወጣ ገባነት መሆኑን አመለከቱ። መስተዋቱ ለስላሳ አይደለም፤ በምድር ወገብ ላይ ሌሊት ሌሊት ይቀደዳል። ቀዳዳውን በሚገባ ለማየት ግን ከታች ብቻ ሳይሆን ከላይም የሚመጣ ምልክት ያስፈልግ ነበር።

አፕልተን በ1947 የላይኛውን ከባቢ አየር በመመርመራቸው፣ በተለይም በስማቸው የተጠራውን ሽፋን በማግኘታቸው፣ በፊዚክስ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ከ1949 ጀምሮ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ርእሰ መምህር ሆነው ኖሩ። ከ1934 እስከ 1952 ድረስም ዓለም አቀፉን የራዲዮ ሳይንስ ኅብረት በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ኦክቶበር 4 ቀን 1957 የመጀመሪያው ሳተላይት ስፑትኒክ ከሰማይ የራዲዮ ምልክቱን ሲልክ በሕይወት ነበሩ። ያ ጊዜ የብዙ አገሮች ሊቃውንት ምድርንና ሰማይዋን በአንድነት ሊለኩ የተስማሙበት ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነበር። በዚሁ ወቅት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ተቋቋመ፤ መሥራቹም ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። ጣቢያው ከ1958 ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ለውጥ መዝግቧል፤ አዲስ አበባም ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ በመሆኗ መዝገቡ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ተፈላጊ ሆኖ ቆይቷል። ሰር ኤድዋርድ አፕልተን ኤፕሪል 21 ቀን 1965 በኤዲንብራ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ያልተጨረሰውን ቀጠሉ። የሸለቆው ምክንያት ዛሬ በሚገባ ታውቋል። ቀን በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል ኤሌክትሮኖቹን ወደ ላይ ያነሣቸዋል፤ ከፍ ካሉም በኋላ በመግነጢሱ መስመር ተመርተው እንደ ፏፏቴ ውኃ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። መካከሉ የሚጎድለው፣ ዳርና ዳሩ የሚሞላው ስለዚህ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የታችኛው ሽፋን ፈጥኖ ይሳሳል፤ ላይኛው ለጥቂት ጊዜ ይበልጥ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ የከበደው ከላይ፣ የቀለለው ከታች ይሆናል። ውኃ ከዘይት በላይ ቢፈስስ ዘይቱ እየሰነጠቀ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ግዙፍ አረፋዎች ከታች ተነሥተው ሽፋኑን እየቀደዱ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳሉ፤ በመግነጢሱ መስመር ተከትለው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዘረጋሉ፤ ብዙውን ጊዜም ወደ ምሥራቅ ይጓዛሉ። በብዛት የሚታዩትም ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ፣ ይበልጡንም የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚበረታባቸው ዓመታት ነው።

እነዚህን ቀዳዳዎች ለማጥናት ዛሬ ዋናው መንገድ የሳተላይት ምልክት ነው። ቦታን የሚጠቁሙት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ ምልክታቸውም መሬት ለመድረስ አዮኖስፌርን ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል። ሳተላይቱ ምልክቱን በተለያዩ ድግግሞሾች ስለሚልክ፣ ኤሌክትሮኖቹም አንዱን ከሌላው አብልጠው ስለሚያዘገዩት፣ ከመዘግየቱ ልዩነት በመንገድ ላይ ያለው የኤሌክትሮን ብዛት ይሰላል። ምልክቱ በአረፋዎቹ መካከል ሲያልፍ ደግሞ ኮከብ በሌሊት እንደሚርገበገብ ይርገበገባል። ጥንካሬውን በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚመዘግብ መቀበያ የመርገብገቡን መጠን ይለካል፤ ከዚያም አረፋው መቼ እንደተነሣ፣ ምን ያህል እንደበረታ ይታወቃል። አፕልተን በ1924 ከራዲዮ ድምፅ መድከም የሽፋኑን ከፍታ እንዳሰሉ ሁሉ፣ የዛሬዎቹም ከሳተላይት ምልክት መድከም የሽፋኑን ስብራት ያሰላሉ። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። መርገብገቡ ሲበረታ መቀበያው ሳተላይቱን ይስታል፤ የሚጠቁመውም ቦታ ይዛባል። አውሮፕላን፣ መርከብ፣ የመሬት ልኬት፣ የስልክ መሥመር ሳይቀር ዛሬ በዚህ ምልክት ላይ ተደግፈዋል። በሰሜኑ ዓለም ሰማይ ላይ ተለክቶ የተዘጋጀ የማረሚያ ስሌት በምድር ወገብ ሰማይ ላይ ያለ ለውጥ አይሠራም፤ የእኛ ሰማይ ጠባዩ ሌላ ነውና። በመሆኑም ከዚህ መስመር በታች የሚኖሩ ሕዝቦች ሰማያቸውን ራሳቸው መለካት ይኖርባቸዋል። ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የኢትዮጵያ ልጆች ይህንኑ ሥራ ይዘው፣ በአገራቸው ከተተከሉ መቀበያዎች የተሰበሰበውን መረጃ እየመረመሩ ለዓለም የምርምር ውጤት ማቅረባቸው የሚያስደስት ነው።

ውድ አንባብያን፣ የመጋዘን ሠራተኛው ልጅ አፕልተን ከሌሎች የተለዩበት ነገር ምን ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ የበለጠ መሣሪያ ወይም የበለጠ ሀብት አይደለም። በ1924 የተጠቀሙበት ማሰራጫ የሕዝብ ማሰራጫ ነበር፤ በ1946 ያነበቡት ቁጥር ሌሎች የሰበሰቡት ቁጥር ነበር። የተለዩት ያልተስማማውን ነገር ባለመጣላቸው ነው። ድምፅ ሲደክም፣ መሣሪያ ዝም ሲል፣ ቁጥር ከታሰበው ሲወጣ፣ ምን ሊነግረኝ ነው ብለው ቆም አሉ። ያላዩትንም ለሚመጡት ፊደል አስቀርተው ሄዱ።

እኛም ወጣቶቻችንን ስናስተምር ይህን ብንነግራቸው መልካም ይመስለናል። ከእነርሱ አንዱ ማታ በእጅ ስልኩ የያዘው የቦታ ምልክት ሲዋዥቅ ቢያይ፣ ስልኩን ከመውቀሱ በፊት ቀና ብሎ ወደ ሰማይ ይመልከት። ዋዛ የመሰለው መዋዠቅ ከራሱ በላይ በሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚያልፍ አረፋ ሊሆን ይችላል፤ ያንንም አረፋ ለመለካት ከእርሱ ይልቅ የቀረበ ሰው የለም።